የለቀቅናቸው ዓሦች

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያውም ግድቡ ዳር ቆመን። ቤት ውስጥ ስንቀመጥ እኔ እመክራለሁ፣ እሷ ስልኳን ታያለች። የዓሣ ዘንግ ይዘን ውሃ ውሃውን ስናይ ግን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ባለፈው ሁዳዴ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያቺን ቀን ስላበላሸብኝ ነው።

ግድቡ ከኮተቤ ወዲያ ነው፤ ለመስኖ የተሠራ፣ ትንሽ። መጀመሪያ በሄድንበት ዓመት የምንይዘው ቆሮሶ ዓሣ ሁለት እጅ ይሞላ ነበር። አሁን መዳፍ የሚያህል ከተገኘ ጥሩ ቀን ነው። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ጾም ሲገባ ዓሣ ይፈለጋል፣ ወዲያው ዓይኑ የጠበበ መረብ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቆሮሶ የሚራባው ደግሞ ያኔ፣ ውሃው ሲሞቅ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የእኔ አይደለም። ለነፍሱ ብሎ ሥጋ የተወ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ጠብሶ ሲበላ ግን አልታገሥም።

ስለዚህ እኔና ልጄ የያዝነውን መልቀቅ ጀመርን። ማንም አላስተማረኝም፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ያወቅሁትን ያወቅሁት እያነበብኩና እየሞከርኩ ነው። ዓሣው እንዳይቀደድ የመንጠቆውን እሾህ በሞረድ አጠፋለሁ። ደረቅ እጅ ቆዳውን ስለሚጎዳው ከመንካቴ በፊት እጄን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ጉርድ ሾላ ያለው የብረታ ብረት ሱቄ የሚገባውን ደንበኛ ሁሉ፣ ሚስማር ሊገዛ የመጣውን ሳይቀር፣ ሰብኬዋለሁ።

ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ከርሞ «ጋሼ፣ አንድ ቀን እኔንም ይውሰዱኝ። እለቃለሁ፣ ቃሌ ነው» አለኝ። ወሰድኩት። ረፋድ ላይ፣ ካየነው ሁሉ የምትበልጥ ቆሮሶ ያዘ። በደረቅ እጁ መንጋጋዋን ይዞ አንጠለጠላትና ስልኩን ለልጄ ሰጣት።

«እስቲ አንሺኝ። ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ።»

«ውሃ ውስጥ አድርጋት» አልኩት።

«አንዴ ብቻ ጋሼ። እንዲህ አምራ ፎቶ ሳትነሳ ትሄዳለች እንዴ?»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሁለተኛውን ስታነሳ ከዓሣዋ አፍ ቡናማ ነገር ፈሶ ጫማው ላይ ወረደ።

«አስታወከችብኝ» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ዓይናቸው የሚለይ፣ የሚፍጨረጨሩ የዓሣ ጫጩቶች ነበሩ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ የተፈለፈሉትንም እዚያው ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ስለማትበላ መንጠቆ አትነካም ብዬ አምን ነበር። ይህችኛዋ ነክታለች። ሰውየው ከቆመበት ወደ ውሃው ወረወራት።

«ይኸው፣ ለቀቅኳት።»

«ምኗን ነው የለቀቅከው? ልጆቿ ጫማህ ላይ ናቸው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፈውም። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መንገዱ ወጣና ታክሲ መጠበቅ ጀመረ።

ልጄ ተንበርክካ ጫጩቶቹን ከጭቃው ላይ በእጇ እያፈሰች ወደ ውሃው ትመልሳለች። ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባዬ፣ ዓምና አንተ የያዝካትም እንዲህ ተፍታ ነበር።»

«ትል ነው የተፋችው።»

«ትል ነው አልከኝ። እኔም አመንኩህ።»

አስታወስኩ። እጄ ላይ ነበር፤ ሳላየው በሣር ጠረግኩት። ከዚያ በፊትም ሌላ ጊዜ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ምን እንደሆነ ልመለከት አልፈለግሁም፤ ምክንያቱም ብመለከት ኖሮ ስብከቴን መተው ነበረብኝ። መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅሁትም። በሱም በራሴም ተናድጄ ዘንጎቹን መኪናው ውስጥ ወረወርኳቸው።

«ውሃው እስኪቀዘቅዝ አንመጣም» አልኳት።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ታጠኛለሽ።»

መገናኛ ስንደርስ አስቆመችኝ። «ስትናደድ ሁልጊዜ የምትቀጣው እኔን ነው» አለችና ወርዳ ወደ ዶርሟ የሚሄደውን ታክሲ ያዘች።

ሳምንቱን ሙሉ ትክክል ነኝ ስል ከረምኩ። ዓሣውን በተመለከተ ትክክል ነበርኩ። ዓርብ ማታ ደወልኩላትና፣ ይቅርታ ማለት ስለማልችልበት፣ «ነገ እንጦጦ በእግር እንወጣለን፣ ጠንከር ያለ ጫማ አድርጊ» አልኳት።

መጣች። ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች። ዳገቱን ስናጋምስ ባሕር ዛፍ ተደግፋ ቆመችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ባለፈው ሴሚስተር አንድ ኮርስ እንደወደቀች፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ልትነግረኝ እንደፈራች ነገረችኝ። የምላት ብዙ ነበር፣ ሁሉም ተደርድሮ አፌ ላይ ደርሷል። ትንፋሽ ስላጠረኝ ብቻ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ቀጠለች።