በስልክ የተነበበው ልቅሶ

ሰላማዊትን የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ያውቃታል። ትኬት ቆራጭ ናት። «ካራቆሬ! ከሚሴ! ኮምቦልቻ!» ስትል መንገድ የሌለበት ሰው እንኳ የሚሄድበት ያለ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ሳለን የትያትር ክበባችንን የምትመራው እሷ ነበረች። እኔ ፈይሰል፣ የጀውሃው ባለሱቅ፣ ያኔም አሁንም ድምፄ የተቀደደ ቆርቆሮ ነው። ክበቡ ውስጥ ያስገባችኝ ለጭቃ ሹም የሚሆን ረጅም ልጅ ስለጠፋ ብቻ ነው።

በሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ከፈተችና አራታችንን ሰበሰበችን። ናጅዋ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አቤል አዲስ አበባ ታክሲ ይነዳል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ራሳችን የጻፍነውን ትያትር እያንዳንዳችን ካለንበት ሆነን በድምፅ እናንብበው አለች። እንደ ድሮው እንሰብሰብ ብንል እንኳ ዘመኑ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ አምስት ሰው ቆሞ ሲያወራ የሚያይ ሁሉ ይጠይቃል። እኔ በሆዴ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት» አልኩ። እምቢ ግን አላልኳትም፤ ሰላማዊትን እምቢ ያላት ሰው አላውቅም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንዱ የራሱን ክፍል አንብቦ ድምፁን ይልካል፤ ባለተራው ሰምቶ ይቀጥላል። ዳታው ሲመጣ ሲሄድ አንድ ትዕይንት ሳምንት ይፈጃል። ናጅዋ ከእመቤቷ ተደብቃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስለምታነብ ከኋላዋ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። አቤል ወረፋ ይዞ ያነባል፤ ታሪኩ የጥንት ነው፣ በመሃሉ ግን ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። ሰላማዊት ለሁላችንም እርማት ትልካለች። የኔን ሦስት ጊዜ አስደግማኝ ተወችኝ።

ለምን እንደፈለገችው የገባኝ ቆይቶ ነው። ታናሽ ወንድሟ ፍቅሩ በጥምቀት ማግስት በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ ሄዷል። ሳዑዲ ገብቶ ለእናቱ ቤት ሊሠራ። ከጅቡቲ በኩል አንድ ጊዜ ደውሎ ዛሬ እንሳፈራለን አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና እናቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም ክው ይላሉ።

በኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የሞተበት ሰው እስኪረዳ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ይደብቀዋል፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ተኝቷል» እየተባለ ይሳቅለታል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በሩን እስኪያንኳኳ። እትዬ ትርንጎ በዚህ ሥራ ሰፈሩን ያስከነዳሉ፤ እሳቸው ደብቀው ያላሳቁት ባለ ሐዘን የለም። ስለዚህ ልጃቸውን በገብርኤል አስማሏት። ክፉ ከሰማሽ ያን ሰዓት ንገሪኝ፤ እኔ ለሰው እንዳደረግሁት እንዳታደርጊኝ አሏት። ማለች።

አልቅሳም አታውቅም። ሞቱ ላልታወቀ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። እናቷ ፊቷን አይተው እንዳይደነግጡ ስትል ወራት ሙሉ ደረቅ ዓይን ይዛ ትኬት ቆረጠች። ሴት ልጅ ይህን ያህል ስትችል አላየሁም።

ትያትራችን ደግሞ የሮቢ ወንዝ ልጇን ስለወሰደባት እናት ነው። እናትየዋን የምትጫወተው ሰላማዊት ናት። ልቅሶው ትዕይንት ሲደርስ ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። እንዝለለው አልኳት። ከመሃሉ የተዘለለ ትያትር ትያትር አይደለም አለችኝ። አንድ እሑድ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሩን ዘግታ ስልኩን ይዛ ጀመረች። መጀመሪያ ንባብ ነበር። ከዚያ ግን ያ ሁሉ ወር የታፈነው መጣባት፤ ለሌላ ሰው ልጅ ነው እያለች ለወንድሟ አለቀሰች።

እኔ ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ሰማሁት። አቤል ወዲያው «አንደኛ ነሽ!» ብሎ ጻፈ። ናጅዋም አስለቀስሽኝ አለች። መጨረሻው ላይ ግን በር ሲበረገድና ሌላ፣ ያረጀ ድምፅ «ፍቅሩዬ! ፍቅሩዬ!» ሲል ተሰማኝ። በትያትራችን ውስጥ ፍቅሩ የሚባል ሰው የለም። እትዬ ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጃቸው ስልክ ይዛ ሙሾ ስታወርድ ደርሰውባታል። እጇን ሲይዟት መቅጃውን ተጭና የያዘችበት ጣቷ ከስልኩ ተነሣ፤ ድምፁ በራሱ ጊዜ ተላከ። ስኳሩን እንደነበረ ትቼ ሱቄን ዘጋሁና ሚኒባስ ያዝኩ።

ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመዋል፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ግቢ ገብቷል። ሰላማዊት ድምፅዋ ተዘግቶ ትያትር ነው፣ እናቴ፣ ትያትር ነው ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ከዚህ የከፋ የምትለው አልነበረም። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው።

«እኔም ለሰው እንዲሁ ብያለሁ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ማለሽልኝ ነበር እኮ፣ ሰላም።»

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ደምሴ ምንም እንዳልተሰማ በገብርኤል ማሉላቸው። ባሰ። እርስዎ ለመርዶ ካልሆነ ቤቴን መቼ ረግጠው ያውቃሉ አሏቸው እትዬ ትርንጎ። ቀና ሲሉ እኔን በሩ ላይ አዩኝ።

«ይኸው ፈይሰልም ከጀውሃ ተጠርቶ መጣ» ብለው ደረታቸውን ደቁ።

ወላሂ፣ በመምጣቴ ተቆጨሁ። እዚያ ቤት ውስጥ መካድም፣ ዝም ማለትም፣ ማጽናናትም አንድ ሆኖ ነበር። የቀረኝ ስልኬ ብቻ ነው። እትዬ ትርንጎ አጠገብ ተንበርክኬ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሬ ከፈትኩት። የኔ የቆርቆሮ ድምፅ መጣ። ናጅዋ ከነማጠቢያ ማሽኗ መጣች፤ አቤል ከነሜክሲኮው። ድሮ በትምህርት ቤት በዓል ቀን ያዩት ነውና ቃሉን አወቁት። ልቅሶው ሲደርስ ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም። መጨረሻ ላይ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ።

እትዬ ትርንጎ ቀስ ብለው ያገለደሙትን ነጠላ ከወገባቸው ፈቱ። አንዷ ጎረቤት «ተመስገን» አለች። ቤቱ ተነፈሰ።

«ታዲያ ልጄ የት ነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ጋሼ ደምሴ ጫማቸውን አዩ። እኔ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ሰው አንድ በአንድ መነሣት ጀመረ፤ ክፋት አይደለም። ለሞተ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ለጠፋ የሚደረገውን ግን ማንም አላስተማረንም። ሁለት ጎረምሶች የእድሩን ወንበር ሊያወጡ አነሡት።

«የሞተ ቢሆን ትቀመጡልኝ ነበር» አሉ እትዬ ትርንጎ አቀርቅረው።

ጋሼ ደምሴ ከበሩ ተመለሱና ተቀመጡ። ወንበሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሊወጣ የተነሣውም አንድ በአንድ ተቀመጠ።

እንደዚያ ሆነን ሳለ የሰላማዊት ስልክ ጮኸ። ቤቱ ሁሉ ዞረ። እትዬ ትርንጎ ግማሽ ድረስ ተነሥተው ቀሩ።

«ማነው?»

ሰላማዊት አየችው። አቤል ነው፤ ቀጣዩ ተራ የማን ነው ብሎ ጽፏል።

«ማንም አይደለም፣ እናቴ። የትያትሩ ልጆች ናቸው» አለች።

እትዬ ትርንጎ መልሰው ተቀመጡ። አሁን አመኗት።