ያቺ የምትሮጠዋ

እትዬ ሩጫን ቁጭ ብላ ያያት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ላውንድሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ካውያው እስኪግል እንኳ ቆማ አትጠብቅም፤ መስቀያ ትደረድራለች፣ ወለል ትጠርጋለች፣ የሌላውን ሥራ ከእጁ ትነጥቃለች። «ኧረ እባክሽ ትንሽ አረፍ በይ፣ አንቺን ሳይ እኔን ይደክመኛል» ይላታል የላውንድሪው ባለቤት። ስሙን ያወጣላትም እሱ ነው። ቤቷ ስትገባም ያው ናት። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ «ይቺ ልጅ እግሯን ጉንዳን ወሮት ነው እንዴ የተወለደችው?» እያለች ትስቅባታለች። እግሯን የሚበላት ግን እንዲያው በከንቱ አልነበረም። ባሏ «መቼ ልትወልጂልኝ ነው?» ሲላት ኖሮ ኖሮ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ዝም ያለ ቤት ያስፈራታል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ላውንድሪው ውስጥ ተራዋ ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት የት እንደምትሄድ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ትምህርት ቤት። በጎ ፈቃደኛ ናት።

መቼም በጎ ፈቃደኛ ሲባል ሁሉም ለጽድቅ የሚሮጥ ይመስላችኋል። ኧረ ወዲያ! መካኒኩ የትምህርት ቤቱን ወንበር በነጻ የሚጠግነው ልጁ በየጊዜው መስኮት ስለሚሰብር ነው፤ አባትየው ሲታይ መምህራኑ ልጁን ትንሽ ይታገሱታል። ባለ መነጽሯ ሴትዮ መጻሕፍት ልትደረድር የምትመጣው ከአማቷ ሽሽት ነው፤ ሐሜት አይደለም፣ በገዛ አፏ ነው የተናገረችው። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ፣ ባለ ፋርማሲዋ፣ ማዘዝ ትወዳለች፤ ቤቷ ያሉት ሰዎች አልበቋት ብለው ነው። ይሁን እስቲ፣ ወንበሩም ተጠገነ፣ መጽሐፉም ተደረደረ፣ ማን ተጎዳ? ደግሞም ሁሉም እዚያ ግቢ ውስጥ የሚማር ልጅ አላቸው። እትዬ ሩጫ ግን የላትም። እዚያ ብቻ አይደለም፣ የትም የላትም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱን የታጠበ መጋረጃ ተሸክማ መጣች። የመግቢያ ሰዓት ስለነበር ግቢው ተተራምሷል። አንዲት መምህርት በአንድ እጇ የሚያለቅስ ልጅ፣ በሌላው አፍንጫዋ የሚደማ ልጅ ይዛ፣ «እናት፣ እስቲ ይቺን ያዢልኝ!» አለችና የምትደማዋን አስጨብጣት እብስ አለች። መጋረጃው መሬት ወደቀ። እትዬ ሩጫ የልጅቷን አፍንጫ በመሐረቧ ይዛ ቆመች። ቆመች ነው ያልኳችሁ! ደሙ እስኪቆም፣ ልጅቷም እስክትስቅ ድረስ ንቅንቅ አላለችም፤ እግሯም አልበላትም። በማግስቱ «ተሻላት ወይ?» ብላ መጣች። በሳልስቱ ለምን እንደመጣች እሷም አታውቀውም።

ሰው ሁሉ የሌላ ክፍል ወላጅ ትመስለው ነበር። የአንደኛ ክፍል ወላጆች የሦስተኛ ክፍል ናት ይላሉ፤ የሦስተኛዎቹ ደግሞ የአንደኛ። ኮቷ ኮሌታ ላይ ክር የተሰካበት መርፌ ስለማይጠፋ፣ ቁልፉ የተበጠሰበት ልጅ ሁሉ ወደሷ ይከንፋል። አንድ ቀን ታዲያ አንዷ ወላጅ፣ «ያንቺዋ የትኛዋ ናት?» አለቻት። እትዬ ሩጫ ልቧ ቀጥ አለ። የእረፍት ሰዓት ነው፤ ግቢው ሙሉ ልጅ ይራወጣል። እጇን ዘረጋችና፣

«ያቺ የምትሮጠዋ» አለች።

«ታምራለች!» አለች ሴትዮዋ። በቃ። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት ሁሉ ያንኑ መልስ ይዞ ይሄዳል፤ ደግሞም የማትሮጥ ልጅ የለችም።

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በቀደም ባለ ፋርማሲዋ እየተጣደፈች መጣችና፣ «ሰማሽ ወይ እህቴ? በመንፈቁ መዝጊያ በጎ ፈቃደኞች ልንመሰገን ነው! መድረክ ላይ ወጥተን፣ በወላጅ ሁሉ ፊት፣ ልጆቻችን አበባ ያበረክቱልናል። የኔ ሐሳብ ነው!» አለች። «ያንቺዋ ስንተኛ ክፍል ናት? አወጣጡን ላለማምዳቸው ነው።»

«እ... ነገ እነግርሻለሁ።»

«ምኑ ነው ነገ የሚነገረው? የልጅሽን ክፍል ረሳሽው እንዴ?» ባለ ፋርማሲዋ በሳቅ ፈነዳች። እትዬ ሩጫም አብራት ሳቀች።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ካውያውን ረስታ አነደደችው። ጢሱን ያየው የላውንድሪው ባለቤት ሮጦ መጥቶ፣ «ምን ነካሽ ዛሬ?» አላት። ሁለት ጊዜ ወደ በር ወጥታ ተመለሰች።

ቤት ስትገባ ለእህቷ ዘረገፈችላት።

«አሞኛል በይና ቅሪ» አለች እህትየው።

«ከዚያስ? በማግስቱስ?»

«እንግዲያ የጎረቤት ልጅ ተዋሺ።»

«ቀልዱን ተይኝ!»

«እኔማ ያኔውኑ ብዬሻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» የእህቷን ፊት ስታይ ግን አጠገቧ ተቀመጠች። «ንገሪያቸው በቃ። አይበሉሽም።»

«ያባርሩኛላ! ጠዋት ስነሳ የት ልግባ? ንገሪኝ እስቲ፣ የት ልግባ?»

እህትየው ተነስታ እራት አቀረበችላት።

በነጋታው እትዬ ሩጫ በቅድሚያ የነገረችው ለዘበኛው ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ የሚማር ልጅ የለኝም» አለችው። ሽማግሌው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከወላጅና ከሠራተኛ በቀር ማንም ዝር እንዳይል ተብዬ እኮ ነው የተቀጠርኩት! ስሚኝ እህቴ፣ ይሄ ከተሰማ የምባረረው እኔ ነኝ፤ የልጆቼ ጉሮሮ ነው የሚዘጋው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የበዓሉን ቀን ቅሪ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ጥፊ። ልጇን ሌላ ትምህርት ቤት አስገባች እላቸዋለሁ።»

ጥሩ መውጫ ነበር፤ ማንም ሳያውቅባት፣ ማንም ሳይጎዳ። እትዬ ሩጫ ግን ግቢውን ዞረችው። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ደረሰች፣ ተመለሰች፤ አንዷን ልጅ አፍንጫዋን ጠረገችላት፣ የሌላዋን ጫማ አሰረች፣ እንደገና ዞረች። መጥፋት አልቻለችም። አንድም ከእንግዲህ ሌላ ውሸት መሸከም አቃታት፤ አንድም፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ይቅር ብለው ያስቀሩኛል የሚል ተስፋ ልቧ ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች። ባለ ፋርማሲዋም እዚያው ቁጭ ብላ ለአበባው ሪባን ትቆርጣለች።

«ልጅ የለኝም» አለች እትዬ ሩጫ ገና ከበሩ።

«ዛሬ ቀረች እንዴ? አሟት ነው?» አለች ባለ ፋርማሲዋ መቀሷን ሳታቆም።

«አልቀረችም። የለችም። ወልጄ አላውቅም።» በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «ዘበኛው ጥፋት የለበትም። ልጄ እዚህ ነው የምትማረው ብዬ አታልዬው ነው።»

በዚያ ግቢ ከዋሸችው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነበር፤ ጋሼ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ባለ ፋርማሲዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ልጄን ስንት ጊዜ አቅፈሻታል! ስንት ጊዜ እጇን ይዘሽ አሻግረሻታል! ማን መሆንሽን ሳላውቅ! እኔ እኮ የሰው እናት ናት ብዬ ነው!» እውነቷን ነው፤ እሷ ቦታ ብሆን እኔም እጮህ ነበር።

ዳይሬክተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ለምንድነው የምትመጪው? ደሞዝ የለው፣ ልጅ የለሽ» አለቻት።

«ታዲያ ቤቴ ተጎልቼ ልበድ?» አለች እትዬ ሩጫ። መቆጣቷ ለራሷም ገረማት። «እዚህ ስመጣ አንዷ ቁልፌ ትላለች፣ አንዱ ጫማዬ ይላል። ይፈልጉኛል። እነሱ ሲፈልጉኝ ውስጤ ያርፋል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ከፈለጋችሁ እናንተ ፈልጉለት።» ከዚያ በኋላ እንባዋ ቀደማት።

ዳይሬክተሯ ወንበር ሳበችላት። «ዘበኛውን አልነካውም» አለች። «ደንቡን ግን ላንቺ ብዬ ካፈረስኩት ነገ ሌላው ሲመጣ ምን እመልሳለሁ? ከበሩ ወዲህ መግባት አትችይም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የበዓሉ ዕለት እግሯ እየጎተተ አጥሩ ሥር አደረሳት። ጭብጨባው ይሰማል፤ መካኒኩ ሲጠራ ልጆቹ አፋቸውን ሞልተው ጮኹ። አልቻለችም፤ ሮጣ ላውንድሪው ደረሰችና፣ ተራዋ ሳይደርስ፣ ደጃፉን ጠረገችው። ተጠርጎ ነበር። እንደገና ጠረገችው።

ትምህርት ሲቀጥል ግን ነገሩን አሰበችበት። ደንቡ ከበሩ ወዲህ ነው የሚለው። ከበሩ ወዲያስ? መንገዱ የማን ነው? መኪናው እንደ ጉድ የሚበርበት፣ ልጆቹ እየተንጋጉ የሚሻገሩበት መንገድ የማንም አይደለም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው፤ እትዬ ሩጫ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰክታ ማዶ ቆመች። መኪና ታስቆማለች፣ ልጅ ታሻግራለች፣ ሾፌር ትሳደባለች። ጋሼ እሷን ላለማየት ሰማይ ሰማዩን እያየ የሌለ ወፍ ይቆጥራል። ባለ ፋርማሲዋ ግን ልጇን ራሷ በሩ ድረስ ታደርሳለች፤ በእትዬ ሩጫ በኩል ስታልፍ አንገቷን አታዞርም። ልጅቷ እጇን ልታወዛውዝ ስትል እናትየው ትጎትታታለች። ያ መጎተት እትዬ ሩጫን በየጠዋቱ ያማት ነበር። ሆኖም አልቀረችም።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ያካፋል። ባለ ፋርማሲዋ አርፍዳለች፤ መኪናዋን መሐል መንገድ ላይ አጣማ አቁማ፣ ከኋላዋ የተደረደረው መኪና ጥሩምባውን ያስጮኸዋል። ጋሼ ደወል ሊደውል ገብቷል። በአንድ እጇ ልጇን ይዛ፣ በሌላው የተሰበረ ጃንጥላ እየታገለች ግራ ቀኝ አየች። መምህር የለ፣ ሌላ ወላጅ የለ። ማዶ ያለችው ያቺው ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷም ቀድሞውኑ ከፊት የሚመጣውን መኪና በሁለት እጇ አስቁማ መሐል መንገድ ደርሳለች።

ባለ ፋርማሲዋ ዓይኗን በጨው አጠበች።

«እናት» አለች። ድምጿ የዚያን ቀኑ ድምፅ አልነበረም። «እስቲ ያዢልኝ።»

ልጅቷ እጇን ከሰጠች ቆይታለች። እናትየው ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች፤ ጥቂት እንደሄደች ግን ቆመችና መስኮቱን አወረደች። እትዬ ሩጫ ልቧ ቀጥ አለ። ሐሳቧን ቀይራ ልትነጥቀኝ ነው ብላ የልጅቷን እጅ ጠበቅ አደረገች።

«የኮቷም ቁልፍ ተበጥሷል!» ብላ ጮኸች ባለ ፋርማሲዋ፣ ሄደችም።

በሩ ደጃፍ፣ ከክዳኑ ሥር፣ እትዬ ሩጫ መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቀለች። ልጅቷም እንደ ድሮው አገጯን ቀና አደረገችላት።