ዘከሪያ ኮሚቴውን ያፈረሰ ሰሞን

ዘከሪያ ከሶማሌ ተራ ጀርባ ሳፋና ባልዲ የሚሸጥ፣ ቦርጩ ከሱቁ በር ቀድሞት የሚወጣ የወሎ ሰው ነው። አባቱ ነጋዴ ሲጣላ እያስታረቁ ስለኖሩ ሰፈሩ በፍቅር «ንጉሥ» ይላቸው ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ልጅየው ሱቁንም ስሙንም ወረሰ። ማስታረቁን ግን አልወረሰም።

ነጋዴው ኮሚቴ መምረጥ ከጀመረ ወዲህ የንጉሡ ሥራ ስብሰባ በዱዓ ከፍቶ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ሆነ። ሊቀመንበሯ መጋረጃ ሻጯ ውባንቺ ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም።

«ጋሼ፣ ዱዓውን ትንሽ ያሳጥሩልን፤ ሥራ ፈተን አልመጣንም» ስትለው አንጀቱ ያርር ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ኮሚቴው ተሳሳተ። ጋሪ ገፊዎች ከዝናብ የሚጠለሉበትን ጥግ ለአንድ ጫማ ነጋዴ መጋዘን አድርጎ ሰጠው። ገፊዎቹ አመፁ። በአለቃቸው በሳዳም መሪነት የመንደሩን መግቢያ በጋሪ ዘጉት። ዕቃ መግባትም መውጣትም ቀረ። ውባንቺ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ የሚሰማት ጠፋ።

ዘከሪያ ይህን ሲያይ ከእንቅልፉ የነቃ አንበሳ የሆነ መሰለው። ለልጁ ሠርግ ያሰፋውን ኮት ለበሰና ሱቁ ደጃፍ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ወጥቶ በሜጋፎን ጮኸ።

«አገር ሲጠፋ ዝም ብዬ አላይም! ኮሚቴው ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። ሥልጣኑን እኔ ይዣለሁ!»

ሳፋው ተሰነጠቀ። እሱ ግን አልወደቀም፤ ይህንንም እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው። ቀጥ ብሎ ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄደ።

ዘበኛው ፈለቀ «ማን ልኮዎት ነው፣ ጋሼ?» አለው።

«ንጉሥን ማን ይልካል? ቁልፉን አምጣ!»

ፈለቀ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር ስለማይወድ ሰጠው። የነጋዴውን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው የዘከሪያ ልጅ ኢምራን ነበርና፣ ዘከሪያ በልጁ ስልክ ገብቶ ኮሚቴውን በሙሉ አስወጣ፤ ሌላው ሰው እንዳይጽፍም ዘጋበት። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ የሚወጣው የጠዋት ሰላምታ የአበባ ምስልና የራሱ ፎቶ ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ያጨበጨበለት አልጠፋም። በማግስቱ ግን መግቢያው እንደተዘጋ ነው። ዘከሪያ ጋሪዎቹ እንዲነሱ አዘዘ። ማን ያንሳ? ገፊዎቹ ቁጭ ብለው ያዩታል። ቢጨንቀው ኮቱን አውልቆ አንዱን ጋሪ ራሱ ገፋ። ጋሪው ቁልቁለቱን ሲያገኝ ይዞት በረረ። «ያዙኝ! ያ ጀማዓ፣ ያዙኝ!» እያለ ከአንድ የስፖንጅ ፍራሽ ክምር ላይ ተሰካ። ከፍራሾቹ መሃል ጎትቶ ያወጣው ሳዳም ነበር።

«ተጎዱ እንዴ፣ ጋሼ?» አለው ሳቁን እየዋጠ።

ያን ቀን ውባንቺ ገፊዎቹ ዘንድ ሄዳ ጋሪ ላይ ተቀመጠች። «ጥጋችሁን መስጠታችን ጥፋት ነው፤ ይመለስላችኋል። ግን ጋሼ እኔን ራሴን አባረሩኝ፤ በምን ሥልጣን ልመልስ?» አለች።

«እንግዲያው አብረን እናስመልሳለን» አለ ሳዳም።

ነጋዴውና ገፊው ተያይዞ ወደ ቢሮው ሲመጣ ዘከሪያ በመስኮት አየ። ከሁሉ ፊት የምትራመደው የገዛ ሚስቱ ሀጅራ ነበረች።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!» ብሎ ጮኸ ከውስጥ።

«ሰማዩን የነካብህ የለም፤ ቁልፉን ብቻ አምጣ» አለች ሀጅራ። «ቤትም እኔና ልጆቹ ድምፅ ሰጥተናል። እራት ከፈለግህ ውጣ።»

ወጣ። ቁልፉን ለውባንቺ ሲሰጥ ከሳቀበት ሕዝብ ይልቅ አንገቷን የደፋችው ሀጅራ አሳፈረችው።

ጥጉ ለገፊዎቹ ተመለሰ፤ መንገዱም ተከፈተ። ስብሰባ ተጠርቶ «ንጉሥ» የሚባለው ስም ይቅር ወይስ ይኑር ተባለ። ይኑር ብሎ እጁን ያወጣው ፈለቀ ብቻ ነበር፤ እሱም ጆሮውን ሊያክ እንደሆነ አስረዳ።

ዘከሪያ አኩርፎ ከረመ። በሚቀጥለው ምርጫ ግን ሰው አይቶት የማያውቀውን አደረገ፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ «ምረጡኝ» ብሎ ለመነ። ተሸነፈ። አሁን በየስብሰባው እየተነሳ «የሕዝብ ድምፅ ይከበር!» ብሎ እንደ እሱ የሚጮህ የለም። ውባንቺም እንደ ድሮው «ያሳጥሩልን» ትለዋለች።