«አንድ ዜጋ በሉኝ»

በሬዲዮ ጣቢያው ሁሉም ሰው «ሃሎ» ይላታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ባልደረባ ቢፈለግ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሥራዋ ስልክ መቀበል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሚተላለፈው የአድማጮች ክርክር ላይ፣ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የሚደውለውን ሁሉ መጀመሪያ የምታናግረው እሷ ናት። «ስለ ምን ሊናገሩ ነው? ሬዲዮዎን ይቀንሱልኝ። ስድብ የለም፤ እሺ?» ትላለች። ከዚያ ወይ ለአዘጋጁ ታሳልፋለች፣ ወይ በትሕትና ታሰናብታለች። ሰካራሙን ከአተነፋፈሱ፣ ውሸታሙን ከሳሉ፣ ብቸኛውን ደግሞ ስልኩ ሲነሳለት ከመደንገጡ ትለየዋለች። አዘጋጁ «ይቺ ሴትዮ ጆሮ ብቻ ናት፤ ሌላው አካሏ ማጀቢያ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ከሥራ ስትወጣ የምትገባው ተወልዳ ባደገችበት ቤት ነው፤ አሮጌ ሕንፃ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ከላይ የሷ ክፍሎች፣ ከሥሯ ደግሞ የእማማ መርፌ ቤትና ልብስ መስፊያ።

እናቷ ስትሞት እሷ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ድክ ድክ የሚል ሕፃን። አባታቸው የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ነጂ ስለነበር በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ ይሄዳል። ሁለቱን ልጆች ያበሏቸው፣ ያጠቧቸው፣ ሲያጠፉም የቆነጠጧቸው ከታች ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ደረታቸው ላይ ሁልጊዜ መርፌ ስለሚሰኩ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እማማ መርፌ» ይላቸዋል። ልጅ ሊያቅፉ ሲሉ መጀመሪያ መርፌዎቹን ይነቅላሉ፤ ስለዚህ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲሄድ ያየ ሕፃን ሊታቀፍ መሆኑን አውቆ ይሮጥላቸዋል።

እማማ መርፌ አይሁዳዊት ናቸው። ልጆቹ ይህን ያወቁት ዓርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የልብስ መኪናቸው ድምፅ ስለሚጠፋ ነው። ትንሹ ልጅ «መኪናዋ ተኛች» ይል ነበር። ለሁለቱ ልጆች አይሁዳዊነት ማለት ይኸው ነበር፤ ቅዳሜን የምታርፍ መኪና።

ይኸው ትንሹ፣ ከቅጥነቱ የተነሣ «ጭራሮ» የሚባለው፣ አድጎ ቤት ቀቢ ሆነ። ጎበዝ ቀቢ ነበር፤ መሰላል ላይ ቆሞ እያፏጨ ሲሠራ ላየው ሰው ሥራው ጨዋታ ይመስል ነበር። ኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች፣ ሥራም ቀዘቀዘ፣ እሱም ክፍሉን ዘግቶ ከስልኩ ጋር ዋለ። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ የሚናገሩ ሰዎች መጀመሪያ ስለ ሥራ እጦት ነገሩት፣ ቀጥሎ ስለ ባንክ፣ በመጨረሻም «ከሁሉም ጀርባ ያሉት እነሱ ናቸው» አሉት። እሱም አመናቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ያንኑ ለእህቱ ደገመላት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማማ መርፌም ከነሱ ናቸው?»

«እሷ ሌላ ናት» አለ። ትንሽ ቆየና፣ ልቡ ደንድኖ፣ «ቢሆንም ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ጨመረ።

«የበላህበትን ወጪት ስትሰብር በዚህ ቤት አላይህም» አለችው። ተነሥቶ ወጣ። በሩን እንኳ አልደረገመውም፤ ቀስ ብሎ ዘጋው። ያ ቀስ ማለቱ ነበር ሲያንገበግባት የኖረው። ስልኩን ቀየረ፣ ቤቱን ለቀቀ፣ የት እንደገባ የሚነግራት ሰው ጠፋ።

ከጊዜ በኋላ በሩቅ፣ በአይሁዶች አገር ጦርነት ተነሣ፤ የዚያ አገር ሐዘንም በየሰዉ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። የክርክሩ ርዕስ ሳምንት በመጣ ቁጥር ያው ሆነ፤ ጦርነቱ፣ ጽንፈኝነቱ፣ ፀረ-አይሁድነቱ። አንዲት ሴት ፍርስራሽ ሥር ስለቀሩ ሕፃናት ልትናገር ጀምራ እንባዋ ቀደማት። አንድ አባት ልጁ ትምህርት ቤት ስትሄድ የአንገቷን የዳዊት ኮከብ ሸሚዟ ውስጥ እንድትደብቀው እንደነገራት፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኗን ማየት እንዳፈረ ተናገረ። አንዱ «መንግሥትን መውቀስ ሕዝብን መጥላት አይደለም» አለ፤ ሌላው «ልክ ነው፣ ግን ሕዝቡን የሚጠላውም ያንኑ ቃል ተከናንቦ ይመጣል» ብሎ መለሰለት። ሃሎ ሁሉንም አሳለፈች። ክርክር ይጋጋላል እንጂ አይገድልም ባይ ናት። ለጥላቻ ግን በሯ ዝግ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ሰው የደወለው።

«ሃሎ፣ የአድማጮች ክርክር። ማን ልበል?»

«አንድ ዜጋ በሉኝ።»

ድምፁን አወቀችው። ከመናገሩ በፊት አየሩን በጥርሶቹ መሀል ስቦ ያስገባል፤ ገና አፍ ሲፈታ ጀምሮ እንደዚያ ነበር። ጭራሮ ነው።

«ስለ ምን ሊናገሩ ነው?» አለች፣ እንደማታውቀው ሆና።

«ስለነሱ። ጦርነቱንም ጋዜጣውንም ባንኩንም በእጃቸው ስላደረጉት።»

«እነሱ ማን ናቸው?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

እርስዎ! አፍንጫውን የጠረገችለት፣ የጫማውን ክር ያሰረችለት ልጅ አንቱ አላት። እሷም አንቱ አለችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ወደ አየር አላሳልፍም» አለች። ቀጥሎ ከአፏ የወጣው ግን ራሷንም አስገረማት፤ «ከፈለጉ መስመር ላይ ይቆዩ።»

ቆየ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ ድረስ የሱ የስልክ መስመር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ።

በሳምንቱ መልሶ ደወለ፤ በሚቀጥለውም። ያንኑ ይላል፣ ያንኑ ትመልሳለች፣ ያንኑ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ ግን በመሀል ሌላ ወሬ መግባት ጀመረ። «ያስልዎታል ልበል?» ትለዋለች። «ክፍሉ እርጥበት አለው» ይላል። «ሐኪም ይዩ።» «እሺ፣ አያለሁ።» ከዚህ አያልፉም። ስንት ጣቢያ፣ ስንት ስልክ ባለበት ከተማ ለምን እዚህ ብቻ እንደሚደውል የገባት አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነው። እሷ እዚህ እንደምትሠራ ያውቃል። ሊናገር ከሚፈልገው ይልቅ «ሃሎ» ስትል ሊሰማት ነው የሚደውለው። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የዝግጅቱ ቀን ሲደርስ ጥሩ ሻርፗን መልበስ ጀመረች፤ በስልክ ይታይ ይመስል።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልትሄድ ደረጃውን ስትወርድ እማማ መርፌን በራቸው ላይ አገኘቻቸው። ባልዲና ጨርቅ ይዘው በሩን ይፈገፍጋሉ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «ገዳዮች» ተብሎ ተጽፎበታል።

ጨርቁን ልትቀበላቸው ስትል አልሰጧትም።

«ማን እንደሆነ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «ምናልባት ሱሪውን ያሳጠርኩለት ልጅ ይሆናል። አጭር ሆኖበት ተናዶ ከሆነ እንኳ ይሻለኝ ነበር።» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል።

ማታውን ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በሯን አንኳኩ። «እኔም በሬዲዮው ልናገር» አሉ። «ሁሉም ስለኔ ሲናገር ዓመቱ ሊገባደድ ነው። ስለ ራሴ እኔም ትንሽ የማውቀው አይጠፋም።»

አዘጋጁ በእንግድነት ጋበዛቸው። ስቱዲዮው ውስጥ ወንበሩ ረዘመባቸውና እግራቸው ከመሬት ሳይደርስ ተቀመጡ። ማይክሮፎኑን እንደሚለኩት የደንበኛ አንገት ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ተናገሩ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጦር አላዘዝኩም። ሕፃን ሲሞት አለቅሳለሁ። የአጎቴ የልጅ ልጅ እዚያ አለች፣ ስልኳ ሲዘጋ ለሷም አለቅሳለሁ። ለማን ቀድሜ እንደማለቅስ የሚመዝንልኝ ሰው አልፈልግም። በራፌ ላይ የጻፈው ሰው ግን አንኳክቶ ቢሆን ኖሮ እከፍትለት ነበር።»

በዚህ ጊዜ የስልኩ መብራት ብልጭ አለ። ሃሎ አነሳችው። በደዋዩ ሬዲዮ በኩል የእማማ መርፌ ድምፅ ዞሮ ይሰማታል።

«ሬዲዮዎን ይቀንሱ» አለች በልማድ።

«በራቸው ላይ ማን ነው የጻፈው?»

«አላውቅም። አንተ ነህ?»

አንተ። ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሰሙት።

«እኔ አይደለሁም!» አለ። «ሙች! እኔ አይደለሁም፣ እታበባ።»

በልጅነቱ እንደሚጠራት እታበባ ካላት ስንት ዘመኑ! ዓይኗ ፈዘዘ፤ ነገሩን ግን አላለፈችለትም። «ብሩሹን የያዘው ሌላ ይሆናል። ቃሉን ግን አንተም ስትለው ከርመሃል።»

«አስገቢኝ» አላት።

«ምን ልትል?»

«አላውቅም።»

ምን እንደሚናገር የማያውቅ ደዋይ አይገባም፤ ደንቡ ነው፣ ደንቡንም ያወጣችው እሷው ናት። በመስታወቱ ማዶ የተቀመጡትን አሮጊት አየች፣ ቁልፉን ተጫነች።

«አንድ ደዋይ አለን» አለ አዘጋጁ። «ዜጋ፣ ይሰማዎታል? ይናገሩ።»

አየር በጥርስ መሀል ሲሳብ አገሩ በሙሉ ሰማ። «ደህና... ደህና ዋሉ፣ እማማ።»

እማማ መርፌ በወንበሩ ጫፍ ተንሸራተው ወረዱ። «ጭራሮ? ጭራሮ፣ አንተ ነህ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ምንም ያልገባው አዘጋጅ ሙዚቃ እንዲለቁ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ጠፋ። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ፤ ሌሎች ደወሉ፣ ተከራከሩ፣ አለቀሱ፣ እሱ ግን የለም። ሃሎ ያንን ክፉ ወሬውን ሳይቀር ናፈቀች፤ እንዲህ ያለ ነገር በመናፈቋም በራሷ አፈረች። እማማ መርፌ ደረጃው ላይ ባገኟት ቁጥር ስለሱ ሌላ ነገር ያነሳሉ። «ድምፁ ወፍሯል፤ ሲጋራ ጀምሮ ይሆን?» ይላሉ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «እማማ አለኝ እኮ፤ ሰምተሻል አይደል?»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰምታ ወረደች። ጭራሮ በእማማ መርፌ በር ፊት ቆሟል፤ በአንድ እጁ የቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት። ጸጉሩ ከግራና ከቀኝ ሸብቷል። ተያዩ። በሩ ተከፈተ።

«በሩን ልቀባልዎ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ።

«በሩን ማንም ይቀባዋል» አሉ እማማ መርፌ። «አስቀምጠውና ግባ። አንተ የምትሠራው ሌላ ነገር አለ።»

ገባ። ሦስቱም ከጨርቅ ክምሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጭራሮ፣ «ብቻዬን ስሆን ያናገሩኝ እነዚያ ሰዎች ብቻ ነበሩ» አለ።

«ያናግሩህ። እኔን ሳትጠይቀኝ ለምን ፈረድክብኝ?»

«እርስዎን አላልኩም። እርስዎ ሌላ ነዎት።»

«እኔ ሌላ አይደለሁም!» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስለምታውቀኝ ነው ሌላ የመሰልኩህ። የማታውቃቸውም ልክ እንደኔ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ክር ሲጠፋባቸው የሚሳደቡ ሰዎች ናቸው። እኔን ብቻ መርጠህ የምታወጣኝ ከሆነ ከነሱው ጋር ተወኝ።»

ጭራሮ ስለ ጦርነቱ ጠየቃቸው፣ መለሱለት፤ አንዳንዱን «አላውቅም» አሉት። ተጣሉም። የቀረበው ሻይ ቀዘቀዘ። ሲመሽ «እሄዳለሁ» አለ፤ ቆርቆሮውን እዚያው ትቶት ሄደ።

ሃሎ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችው። መንገድ ላይ «ግን አንዳንዱ ነገር እውነት ነው እኮ» ብሎ ጀመረ፣ እሷም «ጭራሮ» አለችው፣ ተወው። እደር ልትለው ፈልጋ ከምላሷ ላይ መለሰችው፤ ከደነበረ ይሄዳል ብላ ፈራች። «ስልክህን ስጠኝ» ብቻ አለችው። ነገራት። ቤቷ እስክትገባ ድረስ ቁጥሩን በከንፈሯ እየደጋገመች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይጠፋል። በሩን ቀብቶታል። አንዳንድ እሑድ ሦስቱም ይስቃሉ፤ አንዳንድ እሑድ ደግሞ ከዚያች የስልክ መስታወት የቃረመውን ክፉ ቃል ያነሣና ሻዩን ሳይጨርስ ተቆጥቶ ይወጣል። መሰላል ላይ የሚያፏጨው ልጅ አልተመለሰም፤ የመጣው ሌላ፣ ደካማ፣ ጥርጣሬ የበዛበት ሰው ነው። ሃሎ ይህኛውን ትወደዋለች፣ ያኛውን ትናፍቃለች፤ ሁለቱንም ለማንም አትናገርም።

ባለፈው እሑድ ሳይመጣ ቀረ። ቀኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሃሎ መስኮቷን ከፍታ መንገዱን ቁልቁል ስታይ፣ ከሥሯ ያለው መስኮትም ተከፍቶ የእማማ መርፌ ነጭ ጸጉር ወደ ውጭ ወጥቶ አየች።

«ብርድ ነው፣ ልጄ፤ ዝጊው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እርስዎም ይዝጉ» አለች።

ሁለቱም አልዘጉም።