እማማ ካሳነሽ የሚያውቁት ወንዝ

ራኬብ ወዬሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁጭ ባለችበት በሐሳብ የምትነጉድ ልጅ ነበረች። አባቷ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዓለም ባንክ ሠፈር የሚመላለስ የታክሲ ሹፌር ነው። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ጋቢና ያስቀምጣትና መስኮቱን ተደግፋ ወጨጫን ስታይ ትውላለች። ክረምት ሲገባ ተራራው ደመና ይለብስና ይጠፋል። ያን ጊዜ እሷም ደመናው ውስጥ ሆና ኮልፌን ከላይ ቁልቁል የምታይ ይመስላታል፤ ጣራዎቹ ሁሉ እንደ ጠጠር ያንሱባታል። አባቷ «ራኬቤ፣ ደርሰናል» ሲላት ብንን ትላለች። እናቷ ዘመነች ደግሞ ለቸርች ጓደኞቿ «ይህቺን ልጅ ጌታ ሲሰጠኝ ግማሿን እላይ አስቀርቶ ነው» እያለች ትስቃለች።

ኮሌጅ ገብታ ጂኦግራፊ ስትመርጥ ማንንም አልገረመም። ሦስተኛ ዓመት ላይ የውሃ አካሄድ የሚባለውን ኮርስ መምህር መኳንንት ያስተምሯት ጀመር። ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ ጠመኔ ይዘው እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙትን የከፍታ መስመሮች ሰሌዳው ላይ ሲያወርዱ ግን ክፍሉ እንዳለ ጸጥ ይላል። «ውሃ የሚፈልገው ዝቅታን ነው» ይላሉ። «እነዚህን መስመሮች ማንበብ የቻለ ሰው የነገውን ጎርፍ ዛሬ ያየዋል።» ራኬብ መስመሮቹ ላይ አፍጥጣ ስትቆይ መንቀሳቀስ ይጀምሩባታል። የደብተሯ ዳር ዳር በሙሉ ስም በሌላቸው ወንዞች ተሞላ። ፈተናውንም ከክፍሉ አንደኛ ወጣችበት።

ኮሌጁ ተማሪዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ያሰማራ ነበር። ለራኬብና ለአራት ጓደኞቿ የደረሰቻቸው፣ ከዓለም ባንክ ዝቅ ብሎ ወደ ቆሼ በሚወስደው በኩል ያለች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚገባባት ትንሽ ሠፈር ናት። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ሠፈሯን በአንድ ቀን ዞሯት። ራኬብ የሳተላይት መረጃ ከመምህሩ ትምህርት ጋር አገናኝታ የሚያምር ካርታ ሠራች። ካርታው ላይ ጎርፉ በስተምዕራብ ካለው ዳገት ይወርዳል፤ ስለዚህ ቦይ መቆፈር ያለበት በዚያ በኩል ነው።

ካርታውን የሠፈሩ ዕድር አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ስታስረዳ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ። እማማ ካሳነሽ ይባላሉ። ከሞጣ ሙሽራ ሆነው የመጡ፣ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ቆሻሻ መጣያው ቆሼ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲለቅሙ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ሥራሽ ያምራል» አሉ። «ግን ውሃው በዚያ አይመጣም።»

«ሳተላይቱ ነው እኮ የሚያሳየው፣ እማማ» አለች ራኬብ በትሕትና።

«ይሁና፤ እሱ እላይ ነው ያለው።»

ሰዉ ሳቀ። ራኬብም ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ግንቦት ላይ የሠፈሩ ወጣቶችና ተማሪዎቹ ተባብረው ቦዩን ቆፈሩ። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት ዶፍ ወረደ። ራኬብ የቦዩን ሥራ ለማየት ጃንጥላ ይዛ ስትደርስ ቦዩ ውስጥ ከእርጥብ አፈር በቀር ምንም የለም። ውሃው እማማ ካሳነሽ ቤት ነበር። በበርም በግድግዳም አልገባም፤ ከወለሉ ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ጫማቸው ክፍሉ መሐል እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ራኬብ ባልዲ አንስታ ውሃውን ትቀዳ ጀመር።

ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች። በማግስቱ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት።

ካምፓላ ለሚደረግ ጉዞ ከክረምቱ በፊት ተመርጣ ነበር። የእሷ ኮሌጅና አንድ የኡጋንዳ ኮሌጅ በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ተማሪ ይለዋወጣሉ። ሐምሌ ላይ ሀፍረቷን እንደ ሻንጣ ይዛ ተሳፈረች። እዚያ የተቀበለቻት ናካቶ የምትባል፣ እንደሷው ጂኦግራፊ የምታጠና፣ ስትራመድ የምትደንስ የምትመስል ልጅ ናት። ረግረግ ደርቆ ወደተሠራበት አንድ ሠፈር ይዛት ሄደችና ገና መግቢያው ላይ «ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው» አለቻት በእንግሊዝኛ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የምንሠራው መስማት ነው።»

ሦስቱን ቀናት ሰሙ። ሽማግሌዎች መሬቱ ላይ በእንጨት እየጫሩ ድሮ ደንገል የበቀለበትን፣ ዓሣ የተጠመደበትን አሳዩዋቸው። ራኬብ ቋንቋውን አታውቅም፤ ናካቶ እየተረጎመችላት፣ የሽማግሌዎቹን እጅ እየተከተለች፣ በቤቶቹና በሱቆቹ መሐል አሁን የሌለ ረግረግ ይታያት ጀመር። በእግሯ ሥር ደረቅ መሬት እያለ ቁርጭምጭሚቷ የረጠበ መሰላት።

በአራተኛው ቀን ከሠፈሩ ዝቅ ብሎ ባለው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ሳሉ ራኬብ የሆዷን አወጣችው። ካርታውን፣ ደረቁን ቦይ፣ የሚንሳፈፈውን ጫማ ሁሉንም ነገረቻት። ውሃና ሰማይ አንድ ዓይነት ብርማ ቀለም ይዘው የሚለያቸው መስመር ጠፍቶ ነበር። ናካቶ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ታዲያ ሴትዮዋ ከየት ነው የሚመጣው አሉሽ?»



«አልጠየቅኋቸውም» አለች ራኬብ።

ናካቶ አልፈረደችባትም። ጠጠር አንስታ ሐይቁ ውስጥ ወረወረችና «ገና በሕይወት አሉ አይደል?» አለቻት።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ራኬብ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን እማማ ካሳነሽ ደጃፍ ቆመች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። የዚያን ቀን ልሰማዎት ይገባኝ ነበር። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ነጠላዬን አቀብዪኝ» አሉ።

ክንዷን ተደግፈው ወጡ። ካፊያ ነበር፤ ጉሙ ዝቅ ብሎ የቤቶቹን ጣራ ይነካል። እማማ ካሳነሽ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «እኔ ስመጣ ይሄ ሁሉ ወንዝ ነበር። ትንሽ ነበረች፤ ግን በጋም አትደርቅም። እዚህ ጋ ልብስ እናጥባለን። እዚያ ሱቁ ያለበት ሁለት ግንድ ተጋድሞ እንሻገር ነበር። በኋላ ፍርስራሽ ደፉባት፣ አፈር ደለደሉባት፣ ሰው ቤት ሠራባት። እኛም ሠራንባት፤ ማን መሄጃ ነበረው?» ሲናገሩ ድምፃቸው የወጣት ሴት ሆነ። ራኬብ ዓይኗን ስትጨፍን የሚታጠብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ ሰማች፤ ስትከፍተው የቆርቆሮ በር ነው፣ ንፋስ የሚያላጋው።

ያን ቀን በእማማ ቃል የሄደችበትን ሁሉ ቤቷ ገብታ ሣለችው። በማግስቱ መምህር መኳንንት ዘንድ ወሰደችው። እሳቸውም ብዙ ካዩት በኋላ ከመሳቢያቸው አንድ የቆየ የአየር ፎቶግራፍ አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጡት። ፎቶግራፉ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር በባዶ ሜዳ መሐል ትጥመለመላለች። ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

«ይሄ ፎቶግራፍ እኔ ጋ ስንት ዓመት ተቀምጧል» አሉ መምህሩ መነጽራቸውን እያወለቁ። «እኔም አልጠየቅሁም።»

መስከረም ላይ ኮሌጁ ሲከፈት እማማ ካሳነሽ በመምህር መኳንንት ተጋብዘው በራኬብ አባት በወዬሳ ታክሲ መጡና ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን የከፍታ መስመሮች አይተው «ይሄ የጣት አሻራ ነው እንዴ?» ሲሉ ተማሪው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ጸጥ አለ፤ በእርግጥም ይመስል ነበር። ስለ ወንዟ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። መምህር መኳንንት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር።

በበጋው የሠፈሩ ሰው የተደፈነችውን ወንዝ መንገድ በቻለው ቦታ ሁሉ ከፈተላት። የወንዟ ካርታ የራኬብ የመመረቂያ ሥራ ሆነ፤ ሽፋኑ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የካሳነሽን ስም ስትጽፍ ዲፓርትመንቱ መጀመሪያ አንገራገረ፣ በኋላ ተወው። በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ሲወርድ ውሃው መንገዱን ይዞ አለፈ፤ የእማማ ወለል ደረቀ። ሁለት ቤት ግን አሁንም ውሃ ገባበት።

ራኬብ ተመርቃ ዛሬ በዚያው ዲፓርትመንት በረዳት መምህርነት ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ ከሁለቱ ቤቶች የአንደኛውን በር አንኳኳች። የከፈተችላት ዋጋነሽ የምትባል፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ያለባት ሴት ናት።

«ስለ ውሃው ልጠይቅዎት ነበር» አለች ራኬብ።

«ግቢ እስቲ» አለች ዋጋነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «እኛ ቤት የሚመጣው ከጓሮ ነው።»

ራኬብ ጫማዋን አውልቃ ገባች።