አክስት ትራይፊና እና ጨው የሌለበት ጨው

እኔ እንኳ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ዓሣ ማጠብ ገባሁ። ፊደሉን የያዝኩት በግማሽ ነው፤ ረዘም ያለ ቃል ሲገጥመኝ ዘልዬ አልፋለሁ። ስሕተቴን አይታችሁ አትሳቁብኝ። ብትስቁም ግድ የለም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስለ አክስት ትራይፊና ሌላ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ነው የደፈርኩት።

የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፣ ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ኒውፋውንድላንድ ደሴት የባሕር ጠረፍ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ላይ ጨው ሲበትኑ ኖረዋል። ጨው ከበዛ ዓሣው ይቃጠላል፣ ካነሰ ይሸታል። የአክስት ትራይፊና እጅ ግን ሚዛን ነበር። የጣታቸውን ቆዳ ጨው በልቶት ስንጥቅጥቅ ብሏል።

ከዚያ የባላቸው የአጎት ሊያንደር ኩላሊት ደከመ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ከተማ ሆስፒታል ሄደው ሲመለሱ የምግብ ባለሙያዋ የሰጠቻቸውን ወረቀት ይዘው መጡ።

"በይ ዶርካስ፣ መነጽሬ ጠፍቶብኛል፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ይላል?" አሉኝ አክስት ትራይፊና።

የተማርሽ ሲሉኝ ደስ አለኝ። እውነቱን መናገር ደግሞ አፈርኩ። ቀስ እያልኩ አነበብኩላቸው። ጨው ይቅር። ውሃ በቀን አንድ ሊትር፣ ሻዩም ሾርባውም ተቆጥሮ። ድንቹ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ውሃው ይደፋና በሌላ ውሃ ይቀቀል፤ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሲጠራቀም ልብ ያቆማል። ከታች አንድ መስመር ቀረ። ቃላቱ ረጃጅም ነበሩ።

"ይኸው ነው" አልኩና ወረቀቱን አጠፍኩት።

አክስት ትራይፊና ጆጉ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አሰመሩ። የአጎት ሊያንደር የቀን ውሃ ከዚያ አያልፍም። እሳቸውም ባላቸው ፊት መጠጣት ተዉ። ሻይ ሲያምራቸው እኔ ቤት መጥተው፣ ቆመው፣ ቶሎ ጠጥተው ይመለሱ ነበር። የእሑድ ምሳ በጨው ከተዘፈዘፈ ሥጋ ጋር መቀቀሉም ቀረ።

"ይሄ ድንች ነው ወይስ የታጠበ ካልሲ?" ይላሉ አጎት ሊያንደር።

"ካልሲህን አርባ ስድስት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ብላ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ የባሕሩን ዓሣ ሁሉ ጨው አልብሰሽ እኔን ራቁቴን አስቀረሽኝ!"

መጀመሪያ እንስቅ ነበር። በኋላ አጎት ሊያንደር ሳህኑን ገፋ ማድረግ ጀመሩ። አንገታቸው ቀጠነ። አንድ እሑድ የኔ ድስት ሽታ ቤታቸው ድረስ ገብቶ ኖሮ፣ እኚያ ትልቅ ሰው ማንኪያውን አስቀምጠው አለቀሱ። አክስት ትራይፊና ይህን አልቻሉም።

በማግስቱ ከሱቅ ቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። ጨው መሳይ ነገር ያለበት ትንሽ ካርቶን ይዘዋል። "ባለሱቁ ጨው ለተከለከለ ሰው ነው አለኝ። እስቲ እይው።"

ፊት ለፊት በትልልቁ የተጻፈውን አነበብኩ። "ጨው የለበትም ይላል።" ከኋላ በደቃቁ የተጻፈ ነበረ፤ አላገላበጥኩትም።

በምላሳቸው ቀመሱት። "መረር ይላል። ይሁን፣ ጨው ጨው ይላል።"

በዚያ እሑድ አጎት ሊያንደር ሁለት ሳህን በሉ። "ነይ ዶርካስ፣ ቅመሺ፣ ሚስቴ ታረቀችኝ!" ብለው ጠሩኝ። ከዚያም በየምግቡ ላይ ይነሰንሱበት ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ኮፍያቸውን ለማንሳት እጃቸው አልታዘዝ አለ። ጉልበታቸው ከዳቸው። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አምቡላንስ በበረዶው መንገድ እያዘገመ ሳለ ልባቸው ቆመ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ምን ሲበሉ እንደነበር ጠየቀች። አክስት ትራይፊና ያንን ካርቶንና ወረቀቱን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። ነርሷ የወረቀቱን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብላ አነበበች፤ በጨው ምትክ የሚሸጠውን እንዳትጠቀሙ፣ ፖታሲየም ነው፣ ይላል።

"ይህን ማንም አላነበበልዎትም?"

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አክስት ትራይፊና አዩኝ።

"ተነቦልኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት" አሏት።

ከቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። "አክስቴ፣ ያቺን መስመር ማንበብ አቅቶኝ ነው። አፍሬ ነው።"

ደጃቸው ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔስ ማንበብ አልችልም ብዬሽ አውቃለሁ? መነጽሬ ጠፋ ነው የምለው። ሁለታችንም አፈርን፣ ልጄ። እሱ ሄደ።" ገብተው በራቸውን ዘጉ። ከእንግዲህ ደጃቸውን የምረግጥ አልመሰለኝም።

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ በረዶ ሆኖ አደረ። ጠዋት በመስኮት ሳይ አክስት ትራይፊና ያንን ካርቶን ይዘው ወጡ። ዓሣ ላይ በሚበትኑበት እጃቸው፣ እኩል እኩል አድርገው፣ በረዶ የጋገረው ደረጃቸው ላይ፣ እንደ ጨው በረዶውን እንዲያቀልጠው፣ በተኑት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አለቀ። ገብተው ከምድጃው አመድ አመጡና የቀረውን መንገድ እስከ እኔ በር ድረስ አመዱን እየበተኑ መጡ።

"ዶርካስ! አሁን አያንሸራትትሽም" አሉ በሩን እያንኳኩ። "ነይ፣ እኔ ቤት ሻይ ጥጃለሁ።"