የሌላ ፓምፕ መመሪያ

እንጅባራ ውስጥ፣ በአንድ የውሃ ፕሮጀክት፣ ሥራዬ መመሪያ መጻፍ ነበር። የገጠር ፓምፕ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ መጽሐፍ። አሠራራችን ቢከበር ጥሩ ነበር። መጀመሪያ መሣሪያው ፊት ቆሜ ባለሙያው ሲያሠራው አያለሁ፤ እጽፋለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ። መሐንዲሱ ያርማል። ከዚያ ረቂቁን ይዘን ገጠር እንወርዳለን። ፓምፕ ጠባቂዎቹ እያነበቡ ሲሠሩ እኛ ዝም ብለን እናያለን፤ የተደናገሩበትን እናስተካክላለን። በመጨረሻ ወደ አዊኛ ተተርጉሞ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው።

የመጨረሻውን ረቂቅ ጨርሼ ለሙከራ ወደ ዳንግላ ልወርድ ስል የተገዙት ፓምፖች ከመኪና ሲራገፉ አየሁ። እኔ የጻፍሁላቸው ዓይነት አልነበሩም። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ።

«የመጣው ፓምፕ ሌላ ነው። መመሪያው እንደገና መጻፍ አለበት።»

«ፓምፕ ፓምፕ ነው» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ሰኔ ካለቀ የሕትመቱ በጀት ተመላሽ ነው። ይታተም።»

«ሙከራውስ? ትርጉሙስ?»

«ለከርሞ ይደርሳል። አንተ ደግሞ ነገር አታክብድ።»

ለበላዩም አቤት አልሁ። ከቅርብ አለቃህ ጋር ተግባባ ተባልሁ። መጽሐፉ በሚያብረቀርቅ ሽፋን ታትሞ መጣ፤ የኃላፊው ፎቶ ከፊት አለበት።

ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ፓምፑን የምትጠብቀው ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። የቤቷ ቋንቋ አዊኛ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ነው ያገኘችው። በበጋ የጉድጓዱ ውሃ ሲቀንስ የፓምፑ ቀይ መብራት በራ። መጽሐፉ «አጥፍተው ወዲያው ያብሩት» ይላል፤ ለድሮው ፓምፕ ልክ ነው። በአዲሱ ግን ቀይ ማለት ውሃ የለም፣ አሳርፉት ማለት ነበር። እሷ እንደተጻፈው አጠፋች፣ አበራች፤ ደገመችው። ሞተሩ ተቃጠለ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ እኛም ሄድን። ኃላፊው ተነስቶ «የጠባቂዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» አለ። እሷ ገጹን ገልጣ ወደ እኔ ዞረች።

«የጻፋችሁትን ነው ያደረግሁ።»

«ልክ ናት» አልሁ። «መጽሐፉ የዚህ ፓምፕ አይደለም። ሳይታተምም ተናግሬ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ አዩኝ። «ታዲያ ልጄ፣ የማይሆነውን ለምን ሰጣችሁን?»

ኃላፊው ቀደመኝ። «አባቴ፣ መጽሐፉ በኮሚቴ የጸደቀ ነው።» በቃ፣ ክርክሩ አለቀ። የፓምፑን ቤት ቁልፍ እዚያው ተቀብለው ከሥራዋ አሰናበቷት። ብዙም ሳይቆይ ጫግኒ ወዳለው መጋዘን ተዛወርሁ፤ እሱ ደግሞ ስለ መመሪያው ምስጋና ተሰጠው።

በኋላ ዳንግላ ገበያ ድንች ስትሸጥ አገኘኋት።

«ፓምፑ ተሠራ?» አልኋት።

«አልተሠራም። ሴቶቹ ወንዝ በወረዱ ቁጥር እኔን ነው የሚረግሙ።» ድንቿን መደርደሯን ሳታቆም ጠየቀችኝ። «መጽሐፉስ ታረመ?»

«አልታረመም። ለሌሎቹም ቀበሌዎች የታደለው ያው ነው።»

«እንግዲያ ሄደህ ንገራቸው። የእኔስ አንዴ ሆነ።»

በዕረፍት ቀኖቼ በየቀበሌው እየዞርሁ ለፓምፕ ጠባቂዎቹ ነገርኋቸው። አንዳንዶቹ መስመሩን በእስክሪብቶ ሰረዙት። ሌሎቹ ግን በትሕትና አዳምጠው፣ ከመጽሐፉ ይልቅ አንተን ብናምን እኛንም ያባርሩናል አሉኝ።